ፊቷን ያዞረችው ፒ ምን በደለች?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር ከረመ። በወርድ ፋይል የተያያዘ፣ አምስት ገጽ ያህል የሆነ ጽሑፍ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ «ያንተን ሥራ ይመለከታል» ብለው ነው። አንዱ ሊያበሽቀኝ። አንዷ ደግሞ የምር ግራ ገብቷት።

ጽሑፉ ስለ ማይክሮሶፍት ወርድ ነው። ከወርድም ስለ አንዲት ትንሽ ቁልፍ። ሆም የሚለውን ስትከፍቱ፣ ፓራግራፍ በሚለው ክፍል ውስጥ ትገኛለች። ፊቷን ወደ ግራ ያዞረች የእንግሊዝኛ ፒ ትመስላለች። ይቺ ናት፦ ¶። ስትጫኗት ገጹ በነጥብ፣ በቀስትና በራሷ በፒዋ ይሞላል። ደግማችሁ ስትጫኗት ሁሉም ይጠፋል። የጽሑፉ ምክር ሲጨመቅ፣ እሷን አጥፍታችሁ ሁለተኛ አትድረሱባት ነው።

እኔ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስናስተካክል እንከርማለን። በሌላው ጊዜ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ከዚህች ቁልፍ ጋር ብዙ እንጀራ በልተናል።

ጽሑፉ ግን በቅንነት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ሰው ከኮምፒውተር ጋር ሲታገል አይተው አዝነው የጻፉት ይመስለኛል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ምልክቶቹ ገጹን ያቆሽሻሉ፣ ሐሳብ ይበትናሉ፣ አንዳንዴም ፕሪንት ላይ አብረው ይወጣሉ ይላሉ። ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ ዘመን ትራፊ ናቸው ይላሉ። ገጹ ወረቀት ላይ ካማረ በምን እንዳማረ ማንም አይጠይቅም፤ ቅርጹ ቢበላሽም ፎርማት የምታጸዳዋ ቁልፍ አለች። ስታይል (ለርዕስና ለአንቀጽ አንዴ ተወስኖ የሚቀመጥ መልክ) መጠቀም የሚችል ሰው ደግሞ ምልክት ማየት አያስፈልገውም። ካስቸገረ ፒዲኤፍ አድርጎ መገላገል ይቻላል። በመጨረሻም፣ እነዚህ ምልክቶች ለፈረንጅ ጽሑፍ የተሠሩ ስለሆኑ ለአማርኛ አይረቡም።

ከቀላሉ ልጀምር። ምልክቶቹ ፕሪንት አይደረጉም። ነጥቧም፣ ቀስቷም፣ ፒዋም ስክሪን ላይ ብቻ ናቸው። ቁልፏ በርታ እያለች ፕሪንት ብትሉ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። አሁኑኑ ሞክሩት፣ አንድ ወረቀት ነው የሚያስወጣችሁ። ወረቀት ላይ አየሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስቶ ያሳተመ ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ እኛም ጋ መጥቶ ያውቃል።

ያቆሽሻሉ የሚለው ላይ ግን ግማሽ እውነት አላቸው። ሰው እያሰበ ሲጽፍ በየቃሉ መሀል ነጥብ ማየት ያሰለቻል። እኔም ደብዳቤ ስጽፍ አጠፋታለሁ። ግን ልብስ ሰፊ ሱሪ ሊያጠብ ሲል መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ይገለብጠዋል። ስፌቱን ያያል፣ ይተረትራል፣ ይሰፋል፣ መልሶ ይገለብጠዋል። ለብሳችሁት ስትወጡ ስፌቱ ወደ ውስጥ ነው። ሱሪ ተገልብጦ አይለበስም ማለት ልብስ ሰፊውም አይገልብጠው ማለት አይደለም። ማብሪያና ማጥፊያዋም ሩቅ አይደለችም፤ ኮንትሮልና ሺፍት ይዞ 8 መጫን ነው። ማክ ላይ ኮማንድ ይዞ 8።

የዶስ ትራፊ ናቸው ለሚለውም እንዲሁ በግማሽ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ወርድ ፐርፌክት 5.1 የተባለ የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ አልት ይዞ ኤፍ 3 ሲጫኑ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈልና ከታች ኮዶቹ ሁሉ ይታዩ ነበር። የእነዚያ ዘመን ሰዎች አሁንም ይናፍቁታል። የወርዷ ቁልፍ በአሠራር ትለያለች፣ በሐሳብ ግን ዘመዱ ናት። እሺ፣ አሮጌ ናት እንበል። ታዲያ ጉግል ዶክስን ምን እናድርገው? እሱ ዶስን አያውቅም። ብራውዘር ላይ ተወልዶ ብራውዘር ላይ ያደገ ነው። ለዓመታት ያለ እነዚህ ምልክቶች ከኖረ በኋላ ማሳያቸውን አስገባ። ነፃው የቢሮ ፕሮግራም ሊብረ ኦፊስም ኮንትሮል ይዞ ኤፍ 10 ሲጫኑ ያሳያል። ትራፊ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ከአሮጌው አይወርሰውም ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ወረቀት ላይ ካማረ በምን እንዳማረ ማን ይጠይቃል? የሚጠይቀው አማካሪያችሁ ነው። ሦስት መስመር ጨምሩ ሲላችሁ።

ባለፈው ሰኔ አንድ ልጅ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ልንዘጋ በሩን ገፋ አድርገነዋል። ፍላሹን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ነው ማስረከቢያው። አማካሪዬ ምዕራፍ አንድ ላይ ሦስት መስመር ጨምር አለኝ፣ ጨመርኩ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ፈረሰ» አለኝ። ከፈትኩት። ምዕራፍ ሁለት የሚለው ርዕስ ከገጹ አናት ወርዶ አራተኛው መስመር ላይ ቆሟል። ምዕራፍ ሦስትም እንዲሁ። አንድ ሠንጠረዥ ርዕሱን ከታች ጥሎ ራሱ ቀጣዩ ገጽ ላይ ወጥቷል። ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዱን ሲያነሳ ሌላው ሲወርድበት ነው የዋለው።

ቁልፏን ተጫንኩ። በምዕራፍ አንድ መጨረሻና በምዕራፍ ሁለት ርዕስ መካከል 17 ፒዎች ቁልቁል ተሰልፈው ቆመዋል። ልጁ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለና «ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ የጫንኩት?» አለ።

አዎ፣ እሱ ነው። ርዕሱ ወደ ቀጣዩ ገጽ እስኪወርድ ድረስ ኢንተር፣ ኢንተር፣ ኢንተር ሲል ነበር። 17 ባዶ አንቀጽ። ቦታው ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም፤ በነገር የተሞላ ነው። ከላይ ሦስት መስመር ሲጨመር ከ17ቱ ሦስቱ ተገፍተው ቀጣዩ ገጽ አናት ላይ ወጡ። ርዕሱም ከነሱ በታች ሆነ። ሦስት መስመር ቢቀነስ ደግሞ ርዕሱ ወደ ኋላ ተመልሶ የምዕራፍ አንድ ገጽ ግርጌ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ፕሪንት ሲደረግ ሁለቱም ያው ነጭ ወረቀት ናቸው። ኢንተሩ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ የቱ እንደተገፋ የሚነግራችሁ ፒዋ ብቻ ናት።

17ቱን አጠፋንና አንድ ፔጅ ብሬክ (ቀሪውን ወደ አዲስ ገጽ የሚያወርድ ምልክት) አስገባን፤ ኮንትሮል ይዞ ኢንተር። እሱም ምልክት አለው፣ በነጠብጣብ መስመር መሀል ስሙ ተጽፎ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሦስት መስመር ቢጨመር፣ ሠላሳ ቢጨመር፣ ምዕራፍ ሁለት ገጹ አናት ላይ ነው። የተረፈውን ስናስተካክል 40 ደቂቃ ፈጀብን። ግማሹ ሰዓት ሽፋኑ ላይ ነው የሄደው።

ሽፋኑ የራሱ ታሪክ አለው። ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የአማካሪ ስም፣ ሁሉም በስፔስ ነው የተሰለፈው። ስፔስ በስክሪን ላይ ትንሽ ነጥብ ሆና ነው የምትታየው፤ ታብ ደግሞ ቀስት። ከስሙ ፊት 43 ነጥብ፣ ከአማካሪው ፊት 38። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከታይፕራይተር ነው። የነአያና ብሩ ስም በሚነሳበት በአማርኛ ታይፕራይተር ላይ ጋሪው በእያንዳንዱ ስፔስ እኩል ይራመዳል። ስለዚህ መቁጠር ይሠራል፣ ደግሞም ትክክለኛው ዘዴ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን የ«መ» እና የ«ጭ» ስፋት አንድ አይደለም፤ ስፔሷም ከፎንት ፎንት ትለያያለች። ቤታችሁ በፓወር ግዕዝ ፎንት የጻፋችሁትን ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቱ ወርድ በራሱ ሌላ ፎንት ይተካል። በቪስታ ጊዜ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ ሊሆን ይችላል። ያኔ የቆጠራችሁት ሁሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ «ወረቀት ላይ ካማረ» ሲባል በማን ማሽን፣ በየትኛው ፎንት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁሌ አርብ ማታ የሚሰማ ጩኸት አለ፦ «ቤት እኮ ተስተካክሎ ነበር!» እውነት ነው፣ ቤት ተስተካክሎ ነበር።

ማውጫውንስ? ማውጫ ላይ ከርዕሱ እስከ ገጽ ቁጥሩ የሚሄዱትን ነጠብጣቦች በእጁ የሚጽፍ ተማሪ አለ። አንድ በአንድ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። የገጽ ቁጥሮቹ በቀኝ በኩል አንዱ ገባ ሌላው ወጣ ብለው የልጅ ጥርስ ይመስላሉ። ቁልፏን ስትጫኑ ወዲያው ይለያል። በታብ የተሠራ ከሆነ ነጥቦቹ መሀል አንዲት ቀስት ትታያለች፤ በእጅ ከሆነ ቀስት የለም። ቀስት ካለ አስተካክሉት፣ ከሌለ አጥፍታችሁ እንደገና ሥሩት። ይህን ሳታዩ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ጀስቲፋይ የተደረገ (ግራና ቀኙ እኩል የተሰለፈ) ጽሑፍ ውስጥ አንዱ መስመር ብቻ ቃላቱ ተራርቀው ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ሲሆን አይታችኋል? ብዙ ጊዜ መስመሩ ጫፍ ላይ ኢንተር ሳይሆን ሺፍት ይዞ ኢንተር ተጭኖበታል። ለወርድ ይህ አንቀጹ አላለቀም ማለት ነው፤ ስለዚህ መስመሩን እስከ ዳር ይለጥጠዋል። ምልክቱ ጎበጥ ያለች ቀስት ናት። ከኢንተር ጋር በዓይን የሚለዩት በምልክቱ ነው፤ ቁልፏ ከጠፋች ሁለቱም ያው «ወደ ታች ወረደ» ናቸው።

ለጸሐፊው የምለቀው ነገር አለ። በር ላይ የሚለጠፍ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ወረቀት በስፔስም በኢንተርም ይሠራ። ማንም አማካሪ ሦስት መስመር ጨምርበት አይልም።

ፎርማት የምታጸዳዋን ቁልፍ በተመለከተ ግን ምክሩ ሰው ይጎዳል፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብል ይቅርታ። ይህች ቁልፍ የምታጸዳው የፊደል መጠንን፣ ቀለምን፣ ቦልድን፣ የአንቀጽ አሰላለፍን ነው። 17ቱን ኢንተር አትነካም። 43ቱን ስፔስ አትነካም። ፔጅ ብሬኩንም አትነካም። ለምን ቢባል እነዚህ ልክ እንደ «ሀ» እና «ለ» የተጻፉ ነገሮች ናቸው። በሌላ በኩል ርዕስ ሆነው የተሰየሙትን ሁሉ ወደ ተራ ጽሑፍ ትመልሳለች። ማለትም ችግሩን ትታ መልካሙን ይዛ ትሄዳለች። ሙሉውን ጽሑፍ መርጦ እሷን የተጫነ ሰው በማግስቱ አውቶማቲክ ማውጫው «ምንም አላገኘሁም» ብሎት ነው የሚመጣው።

ከሁሉ የከፋው ሴክሽን ብሬክ ነው፤ ጽሑፉን የየራሳቸው የገጽ ቅርጽ ወዳላቸው ክፍሎች የሚከፍለው ምልክት። የመግቢያ ገጾች በሮማ ቁጥር፣ ምዕራፎቹ በተራ ቁጥር እንዲሆኑ ከተፈለገ ሴክሽን ብሬክ የግድ ነው። አንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ ብቻ እንዲጋደም ከተፈለገም እንደዚያው። ቁልፏ ስትጠፋ ሴክሽን ብሬክ አይታይም። ባዶ ቦታ ብቻ ነው የሚታየው። ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ ዲሊት ይጫናል። እና አንዲት ተማሪ ምዕራፍ አራት ላይ ከሠንጠረዡ በፊት የቀረችውን ባዶ ቦታ አጠፋሁ ብላ ዲሊት ስትጫን፣ ከሽፋኑ ጀምሮ ያሉት ከስልሳ በላይ ገጾች በአንዴ ተጋደሙ። እንደ መብረቅ ነው የሆነባት። ቫይረስ መስሏት ኮምፒውተሩን አጥፍታ ነው ላፕቶፑን ይዛ የመጣችው።

ቫይረስ አልነበረም። ሴክሽን ብሬክ የሚይዘው ከሱ በላይ ያለውን ክፍል ቅርጽ ነው፤ ኅዳጉን፣ የገጹን አቅጣጫ፣ ሄደሩን፣ የገጽ ቁጥሩን። እሱ ሲጠፋ ከላይ የነበረው ክፍል ከታች ካለው ጋር ይቀላቀልና የታችኛውን መልክ ይይዛል። የታችኛው የተጋደመው ሠንጠረዥ ነበር። ቁልፏ በርታ ቢሆን ኖሮ በድርብ ነጠብጣብ መስመር ሴክሽን ብሬክ የሚል ጽሑፍ ጣቷ ሥር ታይ ነበር። ዘግታው ስለነበር ወደ ኋላ መመለስም አልቻለችም። ሴቭ አድርጋ ነው የዘጋችው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ተመሳሳይ ግን ቀላል የሆነ ሌላ አለ። ጽሑፋችሁ በሠንጠረዥ ካለቀና ሠንጠረዡ ገጹን ከሞላ፣ መጨረሻ ላይ እምቢ ብሎ የማይጠፋ ባዶ ገጽ ይመጣል። ወርድ ከሠንጠረዥ በኋላ አንድ አንቀጽ የግድ ይፈልጋል። ቁልፏን ጫኑ፣ ብቸኛዋን ፒ ምረጡ፣ የፊደል መጠኗን 1 አድርጉ፣ ከላይና ከታች ያለውን ክፍተት ዜሮ። ብዙ ጊዜ ገጹ ይጠፋል። ፒዋን ሳታዩ ግን ምኑን ትመርጣላችሁ?

አሁን ደግሞ ጸሐፊው ከእኔ በልጠው የተናገሩበት ቦታ። ስታይል። እዚህ ላይ ባርኔጣ አነሳለሁ። ርዕሱን በሄዲንግ ስታይል የሠራ፣ ከአንቀጽ በኋላ ያለውን ክፍተት በኢንተር ሳይሆን በፓራግራፍ ማስተካከያ የሰጠ፣ «ርዕሱ ሁሌ አዲስ ገጽ ላይ ይጀምር» ብሎ አንዴ ያዘዘ ሰው 17 ኢንተር አይጫንም። እኔም ልጁን ጊዜ ቢኖረን ይህን ነበር የማስተምረው። ፔጅ ብሬኩ የድንገተኛ ክፍል ሕክምና ነው።

ግን ስታይል ያለበት ፋይል የማን ነው? ጸሐፊው ከባዶ ገጽ ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ጽሑፍ እያሰቡ ይመስለኛል። እኛ ጋ የሚመጣው ምዕራፍ አንዱ በጓደኛ የተጻፈ፣ ምዕራፍ ሁለቱ ከአምና ተማሪ የተገለበጠ (ይቅር ይበለን)፣ ምዕራፍ ሦስቱ ከስልክ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ውስጥ የትኛው አንቀጽ ምን ተሸክሞ እንደመጣ የምታሳየው ያቺው ፒ ናት። ምክንያቱም በወርድ አሠራር የአንቀጹ መልክ፣ ስታይሉን ጨምሮ፣ የሚቀመጠው በፒዋ ውስጥ ነው። ስትገለብጡ ፒዋን ካካተታችሁ የአንቀጹ መልክ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ ጽሑፉን ብቻ ከወሰዳችሁ እሷን ጥላችሁ ትመጣላችሁ። አንዳንድ ርዕስ ግራ ጎን ላይ ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ትታያለች። እሷም ይህ አንቀጽ ከሚቀጥለው ጋር እንዳይለያይ ወይም መሀሉ እንዳይቆረጥ ታዟል የምትል ምልክት ናት። ሠንጠረዥ ያለ ምክንያት ወደ ቀጣዩ ገጽ ሲዘልባችሁ መጀመሪያ እሷን ፈልጉ። ስታይል ማወቅ እሷን ያስነብባል እንጂ አያስቀራትም።

ፒዲኤፉ ብዙ አያነጋግርም። ሲቪ ሲላክ፣ ማተሚያ ቤት ሲሰጥ፣ ልክ ናቸው፣ ፒዲኤፍ አድርጉ። ነገር ግን ፒዲኤፍ ያለውን ያደርቀዋል እንጂ አያስተካክለውም። አማካሪውም አስተያየት የሚጽፈው ወርዱ ላይ ነው።

የቀረው የፈረንጅ ምልክት ነው የሚለው። ይህ ነው በጣም የገረመኝ።

ፒ ብዬ እጠራታለሁ እንጂ ፒ አይደለችም። የምትመዘዘው ካፒቱሉም ከሚል የላቲን ቃል መጀመሪያ ፊደል፣ ከ«ሲ» ነው። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጸሐፊዎች አዲስ ክፍል ሲጀምር ያስቀምጧት ነበር። እስከዚህ ድረስ ፈረንጅ ናት። ግን የእኛስ ጽሑፍ እንዴት ነበር? ድሮ አማርኛና ግዕዝ ሲጻፉ በቃልና በቃል መሀል ባዶ ቦታ አልነበረም፤ ሁለት ነጥብ ነበረች፣ ፡። ማለትም የእኛ ስፔስ ይታይ ነበር። ወርድ ቁልፏን ስትጫኑ በየቃሉ መሀል የሚያሳያት ነጥብ የዚያች ግማሽ ናት። የአንቀጽ መለያም አለን፣ ነጥቦች ተሰብስበው አበባ የመሰሉባት ፨። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ) ውስጥ ሲገባ እሷም በአንቀጽ መለያነት ስም አብራ ገብታለች። ኮምፒውተራችሁ ላይ አለች፣ ማንም አይጠቀማትም እንጂ።

ብራናማ ከዚህም ያልፋል። ብራና ጸሐፊ ቀለም ከመንካቱ በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል። ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል። ቀና ብላችሁ ስታነቡ አይታይም። መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት ግን መስመሩ አለ፣ ፊደሎቹም እሱን ይዘው ነው የተሰለፉት። ለአንባቢ የማይታይ፣ ለሠሪው ግን የሚታይ ምልክት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ዛሬም ቢሆን ለአማርኛ ጽሑፍ ያላትን ጥቅም በየቀኑ አያለሁ። ከሁሉ የበዛው የአራት ነጥብ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው «ነው» ይልና ስፔስ ይመታል፣ ከዚያ አራት ነጥብ ያስቀምጣል። መስመሩ መሀል ላይ ሲሆን አይታወቅም። መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን «ነው» ከላይ ይቀርና አራት ነጥቡ ለብቻው እንደ ጠፋ በግ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይቆማል። ቁልፏ ስትበራ ከአራት ነጥቡ በፊት ያለችው ነጥብ ታሳብቃለች። መድኃኒቱ አንድ ደቂቃ ነው። ኮንትሮል ይዞ ኤች፣ ከላይ ስፔስና አራት ነጥብ፣ ከታች አራት ነጥብ ብቻ፣ ሁሉንም ተካ። አራት ነጥብን በሁለት «፡» የሚጽፉትም ብዙ ናቸው፤ እነሱን በዚያው መንገድ ለብቻቸው ፈልጉ።

«በ2016 ዓ.ም» ስትጽፉም 2016 መስመር መጨረሻ ላይ ቀርቶ ዓ.ም ወደ ታች ይወርዳል። «አቶ» ከላይ፣ ስሙ ከታች። እንዳይለያዩ በመሀላቸው ኮንትሮልና ሺፍት ይዛችሁ ስፔስ ምቱ። ይህቺ ስፔስ ስትታይ ነጥብ ሳትሆን እንደ ዲግሪ ምልክት ትንሽ ክብ ናት። ቁልፏ ከጠፋች የትኛዋን እንደመታችሁ ራሳችሁም አታውቁም።

አንድ ጥንቃቄ፣ በሰፊው ከመተካታችሁ በፊት። ሁለት ተከታታይ ኢንተርን ወደ አንድ የሚለውጠው ዘዴ (የጣራዋ ምልክት፣ ሺፍት ይዞ 6፣ ከዚያ ትንሿ ፒ፣ ሁለት ጊዜ) ይሠራል። ግን ሽፋኑም በኢንተር የተሠራ ከሆነ እሱም አብሮ ይጨማደዳል። መጀመሪያ ኮፒ አስቀሩ። ይህን የምለው አንዴ የሰው ሽፋን ስላጨማደድኩ ነው።

መልሴን ከመጻፌ በፊት ያን አምስት ገጽ ፋይል ከፍቼ ቁልፏን ተጭኜ ነበር። ተንኮል አይደለም፣ የሥራ ልማድ ነው። ንጹሕ ነው። ርዕሶቹ በስታይል ተሠርተዋል፣ ባዶ አንቀጽ የለም፣ ድርብ ስፔስ የለም። ጸሐፊው የሚሉትን የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ምክራቸው ለራሳቸው ቢሠራ አይገርምም። ገጽ ሦስት ላይ ብቻ፣ ሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ፣ ከአራት ነጥቡ በፊት አንዲት ስፔስ ቀርታለች። ከፈለጉ አስተካክዬ እልካለሁ። ሒሳብ አልጠይቅም።